ከአንኮበር እስከ ራባይ፦ ቄስ ክራፕፍና የቄሱ ቤት

ልጆቻችን በየትምህርት ቤታቸው የኬንያን ታሪክ ሲማሩ ሁለት የጀርመን ስሞች ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ፤ ክራፕፍና ሬብማን። አንደኛው የኬንያን ተራራ፣ ሁለተኛው ኪሊማንጃሮን ለአውሮፓ ያስታወቁ ሚሲዮናውያን ናቸው ተብሎ ይነገራቸዋል፤ በፈተናም ይጠየቃሉ። እኛ ወላጆች ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ክራፕፍ ወደ ሞምባሳ ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንኮበር ተቀምጠው፣ አማርኛ ተምረው፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ሲገናኙ የኖሩ ሰው ነበሩ። ወደ ኬንያ ጠረፍ ያመጣቸውም ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱበት በር ሁሉ ስለተዘጋባቸው ነው።

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን የእኒህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለመጻፍ ስንነሳ ተራራውን ለመማሪያ መጻሕፍቱ ትተን ቤቶቻቸውን ለመከተል መረጥን። ምክንያቱም ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የራባይ ኮረብታ ላይ የክራፕፍ ቤት እየተባለ የሚጠራ አሮጌ የቄስ መኖሪያ ዛሬም አለ፤ አጠገቡም የሬብማን ቤት የሚባለው ይገኛል። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያይ ቢያውቅ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የጀርመን ጭቃ ቤት

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጥር 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ፣ ቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለች ዴሬንዲንገን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ አንድ ጎረቤት ክፉኛ ደብድቧቸው ለወራት አልጋ ላይ ዋሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቀው ማንበብ የጀመሩት በዚያ ሕመም ጊዜ እንደሆነ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ነግረውናል። ከዚያ ቱቢንገን ላቲን ተማሩ፤ በ1827 ባዝል ወደሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ መንፈሳቸው ሲወላውል እሱን ትተው በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ቲዎሎጂ አጠኑ፤ ጥቂት ጊዜም በአገራቸው ረዳት ቄስ ሆነው አገለገሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ካህኑ በገዛ ጎጆው፣ በገዛ ማሳው ነው የሚኖረው። በጀርመን ወንጌላውያን ዘንድ ግን የሰበካው ቄስ ቤት የሚባል ራሱን የቻለ ነገር አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይሠራል፤ የማንበቢያ ክፍል፣ የቤተሰብ ክፍል፣ ጓሮና ጎተራ ይኖረዋል፤ ቄሱ ሲዛወር ቤቱ ለተተኪው ይቀራል። የመንደሩ ሰው ሲጨነቅ የሚያንኳኳው ያንን በር ነው። ክራፕፍ ወደ አፍሪካ ሲመጡ በሐሳባቸው ይዘውት የመጡት ቤት ይኼ ነበር።

ብዙዎቻችን የጀርመንን ቤት በድንጋይና በጡብ ብቻ እናስበዋለን። በዚያ ዘመን ግን የቩርተምበርግ የገጠር ቤት አብዛኛው በእንጨት አጥንት የቆመ ነበር። ቋሚውና አግድሙ ወፍራም እንጨት ይዋቀራል፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በቀጫጭን እንጨት ይታጠራል፤ ከዚያ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ በኖራ ይለሰናል። እንግዲህ ማገርና ምርጊት የምንለውን ነገር ዴሬንዲንገንም ያውቀዋል ማለት ነው። የገበሬ ልጅ የነበሩት ክራፕፍ በሸዋም ሆነ በራባይ የጭቃ ግድግዳ ሲያዩ አዲስ ነገር የሆነባቸው አይመስለንም።

አድዋ ላይ የተቆፈረው መሠረት

በ1837 ክራፕፍ በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር ተቀጥረው ወደ ኢትዮጵያ ተነሡ። ግዕዝና አማርኛ ያጠኑት ገና ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ነው። አድዋ ሲደርሱ እነ ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ቀድመዋቸው ተቀምጠው ነበር። ኢዘንበርግ ሰፋ ያለ ቤት ማሠራት ጀምረዋል፤ መሠረቱም በጥልቅ ይቆፈራል። ይኼን ያየ ሰው ማውራት ጀመረ፤ ፈረንጆቹ ከመሬት በታች መንገድ እየቆፈሩ ነው፣ በዚያ በኩል የእንግሊዝ ወታደርና መድፍ ሊያስገቡ ነው ተባለ። ወሬው ሲሰሙት ያስቃል፤ ግን ሰው የማያውቀው እንግዳ፣ ከአገሩ ቤት የተለየ ቤት፣ ያለ ልክ ጠልቆ ሲቆፍር ምን ያስብ? ካህናቱ በሃይማኖት ምክንያት ቀድሞም ተቃውመዋቸዋል። ደጃዝማች ውቤም በመጋቢት 1838 ሚሲዮናውያኑን ከትግራይ አስወጧቸው። ክራፕፍ አድዋ የቆዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ያ ያላለቀ ቤት ለክራፕፍ ትምህርት ሳይሆናቸው አልቀረም ብለን እንገምታለን፤ ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ትልቅ ቤት ለመሥራት አልተጣደፉም።

በሚቀጥለው ዓመት በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጠው ከኢዘንበርግ ጋር ሸዋ ገቡ፤ በሰኔ 1839 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለሱ ክራፕፍ ብቻቸውን አንኮበር ቀሩ። አንኮበርን ያየ ያውቃታል፤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በሸንተረር አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ በምሥራቅ በኩል ቁልቁል ወደ ቆላው የምትመለከት ብርዳም ከተማ ናት። ክራፕፍ በዚያ በሣር ክዳን ቤት ተቀምጠው ልጆች አስተማሩ፣ የብራና መጻሕፍት ሰበሰቡ፣ ኦሮምኛ ተማሩ። ከሰበሰቧቸው የግዕዝ መጻሕፍት ከፊሉ ዛሬ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1840 መጀመሪያ ንጉሡ በዘመቱበት ጊዜ አብረው ተጉዘው ያዩትን ጽፈዋል፤ የእሳቸውና የኢዘንበርግ የጉዞ ማስታወሻ በ1843 ለንደን ታትሞ ለሸዋ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ስለዚህ ዘመን ስንጽፍ ማድነቁን ብቻ አንመርጥም። ክራፕፍ ስለ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የጻፉት ብዙው ፍርደ ገምድል ነው፤ በራሳቸው ሚዛን መዝነው ያልገባቸውን ሁሉ ባዶ ልማድ አድርገው ቆጥረውታል። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ አንኮበር ሲመጣም በአስተርጓሚነትና በአማካሪነት ረድተዋል። የሃይማኖት ሰው በመንግሥታት ጉዳይ ሲገባ የሚደርስበትን ጥርጣሬ እሳቸውም አላመለጡትም። ያም ሆኖ አገሩን መውደዳቸው ከየጽሑፋቸው ይታያል፤ በተለይ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ትልቅ ተስፋ ነበራቸው።

እንባ

በመጋቢት 1842 ክራፕፍ ከአንኮበር ወጡ። ሐሳባቸው ለጋብቻ ወደ ግብፅ ደርሶ ወዲያው መመለስ ነበር። በወሎ በኩል ሲያልፉ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት ያላቸውን ሁሉ ዘረፋቸው፤ እንደምንም ምጽዋ ደረሱ። ግብፅ ላይ ሮዚና ዲትሪሽ የምትባል የባዝል ሴት አገቡና አብረው ወደ ኢትዮጵያ ፊታቸውን አዞሩ። ታጁራ ላይ ወደ ሸዋ ማለፍ ተከለከሉ። በምጽዋ በኩል ሞከሩ፤ ትግራይም አልተቀበላቸውም። በዚሁ ጉዞ ላይ፣ በ1843፣ ሮዚና በሸሆ በረሃ ያለ ወራቷ ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች፤ ወዲያው ሞተች። ክራፕፍ ያወጡላት ስም አማርኛ ነው፤ እንባ አሏት።

ይኼን ስም ስናነብ ቆም አልን። ጀርመናዊው አባት፣ ስዊሳዊቷ እናት፣ ለልጃቸው መቃብር ቃል ሲያጡ የወሰዱት ከእኛ ቋንቋ ነው።

ኢትዮጵያ በሰሜንም በምሥራቅም ስትዘጋባቸው ክራፕፍ በደቡብ በኩል አሰቡ። ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ላይ ቢጓዙ ኦሮሞዎች አገር እንደሚደርሱ ያምኑ ነበር። ስለዚህ ከኤደን በመርከብ ተሳፍረው በጥር 1844 ዛንዚባር ገቡ። ሱልጣን ሳዪድ ሰዒድ በደግነት ተቀብለው ለጠረፉ ገዢዎች የአደራ ደብዳቤ ጻፉላቸው። በግንቦት ሞምባሳ ተቀመጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁሉም በንዳድ ወደቁ። ሮዚና ሐምሌ 6 ሴት ልጅ ወለደች፤ ሐምሌ 13 ራሷ አረፈች፤ ሕፃኗም በቀናት ውስጥ ተከተለቻት። ክራፕፍ ራሳቸው ከአልጋ መነሣት እያቃታቸው ቀበሯቸው። መቃብሩ ከደሴቲቱ ማዶ፣ ዛሬ ኒያሊ በምንለው በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ለብቻቸው ሞምባሳ ቆይተው ስዋሂሊን ተማሩ፤ ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጎም ጀመሩ። ስዋሂሊ እስከዚያ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ክራፕፍ የላቲንን ፊደል መረጡ፤ ልጆቻችን ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጽፉትም በዚሁ በላቲን ፊደል ነው።

ቤቱ እንዴት ተሠራ

በሰኔ 1846 ዮሐንስ ሬብማን ደረሱ። እሳቸውም የቩርተምበርግ ሰው ናቸው፤ ከክራፕፍ በአሥር ዓመት ያንሳሉ። ሁለቱ ከደሴቲቱ ወጥተው በሚጂኬንዳ ሕዝብ መካከል ለመኖር የራባይን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቹም ፈቀዱ። ነሐሴ 25 ቀን 1846 ወደ ኮረብታው ሲወጡ ሁለቱም በንዳድ የተያዙ ነበሩ፤ የነበራቸው አንድ አህያ ብቻ ስለሆነ ተራ በተራ እየተቀመጡበት ወጡ።

ቦታውን የመረጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሰው ነው፤ የራባይ ሕዝብ ካያ የሚባሉት የተቀደሱ ጫካዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው። (የሚጂኬንዳ ካያዎች በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ የራባይ ካያዎችም ከመካከላቸው አሉ።) ሁለተኛው ከፍታው ነው። በዚያ ዘመን ንዳድ ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ስለዚህ ነፋስ የሚያገኘው ኮረብታ ጤና ነው ተባለ። ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ የታወቀው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው።

ሚጂኬንዳዎች በጥንት ልማዳቸው የሚሠሩት ቤት ከጉልላቱ እስከ መሬት በሣር የተሸፈነ፣ ከሩቅ ሲያዩት የድርቆሽ ክምር የሚመስል ነው። ሚሲዮናውያኑ የሠሩት ግን አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው የኮኮናት ቅጠል የሆነ ቤት ነበር። ይኼ የጠረፉ የስዋሂሊ ሰዎች አሠራር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ቤት አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቋሚው የማንግሮቭ እንጨት ነው፤ በስዋሂሊ ቦሪቲ ይሉታል፤ ከባሕር ዳር ረግረግ ተቆርጦ የሚመጣ፣ ጠንካራ፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው። በቦሪቲው ላይ ፊቶ የሚባሉ ቀጫጭን እንጨቶች በአግድም፣ ከውጭም ከውስጥም፣ ይታሰራሉ። ይኼ የእኛ ማገር ነው። ልዩነቱ የሸዋ ምርጊት ጭድ ሲቀላቀልበት በጠረፉ ቀይ አፈርና የኮራል ድንጋይ ስብርባሪ በሁለቱ ማገር መካከል መጠቅጠቁ ነው። ድንጋዩ ግድግዳውን ክብደት ይሰጠዋል። አቅም ያለው ደግሞ ከኮራል የተቃጠለ ኖራ ይቀባዋል፤ ነጭ ይሆናል፤ ፀሐይንም ይመልሳል።

ጣሪያው ማኩቲ ይባላል። የኮኮናት ቅጠል በዘንግ ላይ እየታጠፈ ይሰፋና አንድ ክንድ ከምናምን የሚሆን ንጣፍ ይወጣዋል፤ ንጣፎቹ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረቡ ይታሰራሉ። ጣሪያው ቁልቁል የሚወርድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዝናቡ ይሰርጋል። ጠርዙ ከግድግዳው አልፎ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ የጭቃውን ግድግዳ ከዝናብ የሚያድነው ያ ጠርዝ ነው፤ ከሥሩም ጥላ ያለው መቀመጫ ይፈጠራል። እንግዳ የሚስተናገደው እዚያ ነው፤ በጠረፉ ባራዛ ይሉታል። ግድግዳው ጫፍና ጣሪያው በሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ይተዋል፤ ትኩስ አየር በዚያ ይወጣል፣ የባሕሩም ነፋስ በዚያ ይገባል። ቤቱ ያለ ምንም መሣሪያ ይቀዘቅዛል።

ትንኙም በዚያው ይገባል። ክራፕፍን ደጋግሞ የጣላቸውና በመጨረሻ ከአፍሪካ ያስወጣቸው ንዳድ፣ ለጤና ተብሎ በተመረጠው ኮረብታ ላይ፣ ለጤና ተብሎ በተተወው ክፍተት የገባ ይሆናል።

የማኩቲ ቤት ዕድሜው አጭር ነው፤ ጣሪያው በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ ግድግዳው ከዝናብ በኋላ ይመረጋል። ስለዚህ ዛሬ ራባይ ሄዶ የክራፕፍን ቤት የሚያይ ሰው በ1846 የተለሰነውን ጭቃ እንዳለ አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅ። የቄስ ቤት የሚቆየው እየታደሰ ነው።

በቤቱ ውስጥ የተሠራው ሥራ ከቤቱ በላይ ቆይቷል። ክራፕፍ የስዋሂሊን ሰዋስው አዘጋጅተው በ1850 ቱቢንገን አሳተሙ፤ ትልቁ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላታቸው ካረፉ በኋላ በ1882 ወጣ። ሬብማን ከአንድ ከኒያሳ አገር ተሽጦ ከመጣ ሰው ጋር ተቀምጠው የዚያን አገር ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሠሩ። የሰበካው ሥራ ግን ቀስ ያለ ነበር። መጀመሪያ ስብከት ለመስማት ከመጡት አንዳንዶቹ ሩዝና የዘንባባ ጠጅ ካልቀረበ ለምን እንደሚመጡ እንዳልገባቸው በግልጽ ተናግረዋል፤ ድግስ የሌለው ማኅበር ለማንም አይጥምም፤ ይኼን የኮሚዩኒቲያችን ስብሰባ አዘጋጆች ያውቁታል። መጀመሪያ የተጠመቀው ምሪንጌ የሚባል አካለ ስንኩል ሰው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

መንገደኛና ነዋሪ

ተራራዎቹ የተገኙት ከዚህ ቤት በተነሡ ጉዞዎች ነው። ሬብማን ግንቦት 11 ቀን 1848 ኪሊማንጃሮን በበረዶ ተሸፍኖ አዩ። ክራፕፍ ታኅሣሥ 3 ቀን 1849 ከኪቱይ፣ ከካምባው አለቃ ከኪቮይ ሰፈር አካባቢ ሆነው የኬንያን ተራራ አዩ፤ ከካምባዎች የሰሙትን ስም ኬንያ ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለንደን ያሉ ሊቃውንት በምድር ወገብ በረዶ አይኖርም ብለው ለዓመታት አላመኗቸውም። በ1851 ክራፕፍ ከኪቮይ ጋር ወደ ጣና ወንዝ ሲጓዙ ወንበዴዎች መንገድ ላይ ጥለውባቸው ኪቮይ ተገደሉ፤ ክራፕፍ ብቻቸውን በረሃ ለበረሃ ተንከራተው በሕይወት ወጡ።

በዚህ ጊዜ በሁለቱ ጓደኛሞች መካከል አለመስማማት ነበር። ሰበቡ የሃይማኖት ትምህርት አልነበረም፤ በአንድ ቦታ መቀመጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ክራፕፍ ከሞምባሳ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በሰንሰለት የተያያዙ የሚሲዮን ጣቢያዎች ያልሙ ነበር፤ ራባይ ለእሳቸው የመጀመሪያዋ ቀለበት ናት። ሬብማን ግን አንድ ቦታ ላይ ሥር መስደድ፣ መሬት መያዝ፣ የሚቆይ ቤት መሥራት፣ ቋንቋውን እስከ መጨረሻ መማር ይሻላል አሉ። እሳቸውም እዚያው አጠገብ ኪሱሉቲኒ በተባለው ቦታ ተደላድለው ተቀመጡ።

እኛ በሰው አገር የምንኖር ሰዎች ይኼን ክርክር በየቤታችን እናውቀዋለን። ነገ እንመለሳለን እያለ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ያስቀመጠ አለ፤ በመጣበት ዓመት የፍራፍሬ ዛፍ የተከለ አለ። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው።

ክራፕፍ በ1853 ጤናቸው ተሟጦ ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ሬብማን ቀሩ። አንድም ቀን ወደ አገራቸው ሳይመለሱ 29 ዓመት ያህል ኖሩ። ባለቤታቸውን ኤማን በ1866 ቀበሩ፤ በ1857 የማሳይ ወረራ ወደ ዛንዚባር አሸሽቷቸው ተመልሰዋል። በ1875 ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፍተው፣ ኢሳቅ ኒዮንዶ የሚባል የራባይ ክርስቲያን እጃቸውን ይዞ መርቷቸው ጀርመን ገቡ።

በዚያው ጊዜ ራባይ ሌላ መልክ መያዝ ጀመረች። ከባርነት የተፈቱና ያመለጡ ሰዎች ወደ ሚሲዮኑ መሬት መሰብሰብ ጀመሩ። ለቦታው ኃላፊ ከነበሩት አንዱ ዊልያም ጆንስ ራሳቸው በልጅነታቸው ከባሪያ ነጋዴ እጅ የወጡ፣ ሕንድ አገር የተማሩ አፍሪካዊ ቄስ ነበሩ። የጌቶቹ ቁጣ እየበረታ ሲሄድ፣ ጥር 1 ቀን 1889 ራባይ ላይ ለጌቶቻቸው ካሣ ተከፍሎ ከ1,400 በላይ ሰዎች የነጻነት ወረቀት ተቀበሉ። ክራፕፍ ለጉዞ ማረፊያ ያሰቧት ኮረብታ መሄጃ ለሌለው ሰው ቤት ሆነች፤ ይኼን የሬብማን መቀመጥ ያመጣው ነው ብንል ክራፕፍን የበደልን አይመስለንም።

እስከ መጨረሻ አማርኛ

ክራፕፍ ግን ኢትዮጵያን አልተዉም። በ1855 ከወጣቱ ማርቲን ፍላድ ጋር በምጽዋ በኩል ገብተው ጎንደር ደረሱ፤ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ወራት ብቻ ሆኗቸው ነበር። በሱዳን በረሃ ሲመለሱ ከሞት ለጥቂት ተረፉ። ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ ጣቢያዎች ይቋቋሙ የሚለውን ሐሳብ ደግፈው ደክመውበታል፤ የተባለው ሁሉ አልተፈጸመም። በ1862 እንደገና ወደ ሞምባሳ መጥተው ሜቶዲስቶች ሪቤ ላይ እንዲተከሉ ረዱ። በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በአስተርጓሚነት ተቀጥረው ነበር፤ ሕመም ከመንገድ መለሳቸው። እኛ ሕመሙ ደግ ሠራ እንላለን።

የቀረውን ዕድሜ ያሳለፉት በሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው ኮርንታል ነው። ቀደም ሲል በካይሮ አባ አብርሃም፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሏቸው ኢትዮጵያዊ፣ ተርጉመውት የነበረውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ክራፕፍ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር አርመው ባዝል አጠገብ ባለችው በቅዱስ ክሪሾና ማተሚያ ቤት በ1870ዎቹ መጀመሪያ አሳተሙት። በ1876 ደግሞ የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን በግዕዝ ፊደል ወጣ፤ በዚህ ሥራ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ድርሻ ነበራቸው። ሬብማን በዚያው ዓመት ጥቅምት 4 ቀን በኮርንታል አረፉ። ራባይ ላይ ስለ ቤት ያልተስማሙት ሁለቱ ሰዎች በመጨረሻ በአንድ መንደር ጎረቤት ሆነው ነበር። ክራፕፍ ኅዳር 26 ቀን 1881 ከአልጋቸው አጠገብ ለጸሎት እንደተንበረከኩ ሞተው ተገኙ።

ራባይን ለማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ከሞምባሳ በናይሮቢ መንገድ ወጥቶ ማዜራስ ላይ ወደ ቀኝ፣ በካሎሌኒ መንገድ ይታጠፍ፤ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ሥር ያለው የክራፕፍ መታሰቢያ ሙዚየም፣ የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለቱ ቤቶች በአንድ ኮረብታ ላይ ናቸው። ልጆቹ ተራራውን ያውቃሉና ጣሪያውንና ግድግዳውን አሳዩአቸው፤ አንኮበርንም ጥቀሱላቸው። ሲመለሱ ጊዜ ከተረፈ ኒያሊ የሮዚናና የሁለተኛ ልጇ መቃብር አለ። የመጀመሪያዋ፣ እንባ፣ የቀረችው በምጽዋ በኩል በሸሆ በረሃ ነው።